መሐሉ የማይረገጥ ክብ

አባቴ ግንበኛ ነበር። ከአምባ ጊዮርጊስ ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬደው አገራችን፣ የክቡን ቤተ ክርስቲያን የውጭ ግድግዳ የሠራው እኔ ሳልወለድ ነው። በድንጋይና በጭቃ ገንብቶ በኖራ ለሰነው። ሃያ ምናምን ክረምት ቆሞ ከረመና በአንድ ነሐሴ በምዕራብ በኩል አራት ሜትር ያህሉ ተናደ።

እኔ ያን ጊዜ ጎንደር ከተማ ሬዲዮና ቴፕ በሚጠገንበት ጠባብ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ነጥብ ስላልመጣልኝ ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ሁሉ የተማርኩት ብቻዬን ነው። ካልኩሌተሩንም ያገኘሁት እዚያው ሱቅ ነው። አንድ ሰው ለጥገና ትቶት ሄዶ ዓመት ሙሉ ሳይመለስ ቀረ፤ አሠሪዬ «መደርደሪያ ከሚይዝብኝ አንተ ውሰደው» አለኝ። ገበያ ላይ ከሚታየው ካልኩሌተር ይተልቃል፤ ሰፋ ያለ መስኮት አለው፤ ቀመር ሲጽፉለት መስመሩን ይስላል። መመሪያ አልነበረውም። ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየተጫንኩ የሆነውን ሁሉ በደብተር መዘገብኩ።

የመጀመሪያውን ክብ ሳስለው እንቁላል ሆኖ ወጣ። ቀመሩን ደጋግሜ አረምኩት። ጥፋቱ ግን የቀመሩ አልነበረም፤ የመስኮቱ ወርድ ከቁመቱ ስለሚበልጥ ነው። ልኬቱን ሳስተካክለው ክቡ ክብ ሆነ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ሦስት ሦስት ነጥብ እየሰጠሁት ተቀመጥኩ። በሦስት ነጥብ የሚያልፈው ክብ አንድ ብቻ ነው። ሁለት ሁለቱን ነጥብ በመስመር አገናኝቼ፣ ከየመስመሩ እኩሌታ ላይ በቀጤ ማዕዘን የሚቆም ሌላ መስመር ባስነሣ፣ የሚነሡት ሁሉ ክቡ መሐል ላይ ይገናኛሉ። ይህን ማንም አልነገረኝም። መጽሐፍ ላይ እንዳለ ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

ለመስቀል አገር ቤት ስገባ የሰበካ ጉባኤው ከከተማ አንድ ወጣት ግንበኛ አስጠርቶ ነበር። ሰውየው ግድግዳውን አንድ ጊዜ ዞረና ሰው በተሰበሰበበት፣ አባቴም ቆሞ እየሰማ፣

«ይኼ መቼ ክብ ሆነ? እንቁላል ነው እንጂ! ከመሠረቱ የተበላሸ ነው» አለ።

የሳቀ ሰው ነበር። አባቴ በትሩን አንሥቶ ወደ ቤት መራኝ። ቤት ስንደርስ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲፈታ ቀና አለና፣

«ያን ዕቃህን ይዘኸው መጥተሃል?»

«ይዤዋለሁ።»

«እንግዲያው ለካው። ክብ ነው። በገመድ ነው የጣልኩት፣ ከመሐል።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤው ሥራውን ለማን እንደሚሰጥ ይወስናል። አባቴ ጉልበቱ ደክሟል፤ ሥራው ለሌላ ቢሰጥ ብዙም ቅር አይለውም ነበር። የፈራው «ክብ አልነበረም» ተብሎ እንዳይቀር ነው። ከእጁ ከወጣው ሥራ ሁሉ ስሙ የሚጠራው በዚያ ግድግዳ ነበርና።

ችግሩ መሐሉ ነበር። እሱ መሠረቱን ሲጥል ቦታው ባዶ ሜዳ ነበር፤ መሐሉ ላይ ችካል ተክሎ፣ የቆዳ ጠፍር ገመድ አስሮ፣ ዙሪያውን ለካ። አሁን ያ ችካል የነበረበት ቦታ መቅደሱ ውስጥ፣ ታቦቱ ካለበት ነው። ከካህንና ከዲያቆን በቀር የሚገባ የለም። አባቴም ሆነ እኔ መሐሉን ልንረግጠው አንችልም።

ከውጭ ለመለካት ወሰንኩ። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ፣ በሣሩ ላይ፣ አራት ችካል ተክዬ በሲባጎ አራት ማዕዘን ሠራሁ። ማዕዘኖቹን በአባቴ ዘዴ፣ በሦስት፣ በአራትና በአምስት ክንድ አቀናሁ። ከዚያ በየክንዱ ከሲባጎው እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት በሜትሮ እየለካሁ ጻፍኩ። ቄሰ ገበዙ ከጽዱ ሥር ተቀምጠው ሲያዩኝ ቆዩና፣

«መቅደስ ሳይገባ መሐሉን የሚያውቅ ዕቃ ነው አሉ?» አሉ።

«አዎ፣ አባቴ። ቢያንስ መሆን ያለበትን ቦታ ያውቃል።»

«እኛ እዚያ ለመግባት ስንት ዓመት ዳዊት ደገምን! ይኸ በባትሪ ድንጋይ ገባ በለኛ።»

ነጥቦቹን ሁሉ አስገባሁ። ከሰሜን፣ ከምሥራቅና ከደቡብ አንድ አንድ ነጥብ ወስጄ መሐሉን አገኘሁና ክቡን በነጥቦቹ ላይ ሳልኩት። ገጠመ። ደስታዬን ዋጥ አድርጌ ጎኖቹን ተራ በተራ አጉልቼ አየሁ፤ ስንዝር የምታህል ስሕተት በሙሉው ሥዕል ላይ ከአንዲት ነጥብ አትበልጥም፣ አትታይም። ሰሜኑ ልክ ነው። ምሥራቁ ልክ ነው። ከደቡብ ወደ ምዕራብ ግን ነጥቦቹ ክቡን ቀስ እያሉ ወደ ውጭ ለቀቁት፤ መጀመሪያ በጣት፣ ከዚያ በሁለት ጣት። ፍርስራሹ ጫፍ ላይ፣ ቆሞ በቀረው የመጨረሻ ድንጋይ፣ አሥራ ሰባት ሴንቲ ሜትር ደረሰ።

የመስኮቱ ጥፋት እንዲሆን ተመኘሁ። ልኬቱን ፈተሽኩት፤ ትክክል ነው። ሲባጎውን ነቅዬ እንደገና ተከልኩ፤ በዚያ ጎን ያለውን ሁሉ ሁለተኛ ለካሁ። አባቴ በትሩን ተደግፎ መጣ።

«ምነው ደገምከው?»

«ለማረጋገጥ ነው።»

እጄን አየ፤ ሲባጎውን አየ፤ የቆምኩበትን ቦታ አየ። አሥራ ሰባት ሆኖ ተደገመ።

ማታ ራት ሳይቀርብ በፊት ደብተሩን ፊቱ ዘረጋሁለት። ማንበብ ስለማይችል ክቡን በእርሳስ ሳልኩና ግድግዳው የወጣበትን መስመር አጠገቡ አስኬድኩለት። ጣቱን ከሰሜን አስነሥቶ በመስመሩ ላይ ቀስ ብሎ ነዳው። ደቡብን አልፎ መስመሮቹ በሚለያዩበት ቦታ ቆመ።

«እዚህ ላይ ነው ካፊያው የጀመረው» አለ።

እንደ ነገረኝ፣ መሠረቱን የጣሉት በአራት ቀን ነው። ከምዕራብ ጀምረው በሰሜን፣ በምሥራቅ፣ በደቡብ ዞሩ። ሦስቱን ቀን ፀሐይ ነበር። በአራተኛው ቀን ካፊያ ወረደ፤ ጠፍሩ ራሰ፤ እየሳቡ ሲለኩበት ረዘመ። ዞረው ከጀመሩበት ሲደርሱ መስመሩ አልገጠመም።

«ድንጋይ ያጋዘው ሰው ሁሉ ቆሞ ያየኛል። ቄሱ መሠረቱን ሊባርኩ ተነሥተዋል። አፍርሼ ልድገም ማለት አፈርኩ። በዓይኔ አጠማዘዝኩና አገናኘሁት፤ ልስኑን አወፈርኩበት።» ጣቱን ከመስመሩ አነሣ። «ሁለት ጣት ይሆናል እያልኩ ነበር ይኸን ሁሉ ዘመን። ስንት ነው ያልከው?»

በእጄ ለክቼ አሳየሁት። ስንዝር ሊሞላ ትንሽ ቀረው።

«ለማንም አልተናገርኩም» አልኩት። እውነቴን ነበር፤ እሑድ ዕለት «ክብ ነው» በል ቢለኝ ምን አደርግ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። አላለኝም። ደብተሩን አጥፎ መለሰልኝ።

እሑድ ሰው ተሰበሰበ። ከተሜው ግንበኛም ነበር። ቄሰ ገበዙ ወደኔ ዞረው «እህ፣ ዕቃው ምን አለ?» ሲሉ አባቴ ቀድሞኝ ተነሣ። ወደ ግድግዳው ሄደ፤ ከፍርስራሹ ጫፍ አሥር ክንድ ወደ ደቡብ ቆጠረና በበትሩ ጫፍ ልስኑን ጫረው።

«እስከዚህ ይፍረስ።»

«አያ፣ ምነው? የቆመውን?» አለ አንዱ።

«ቆሟል እንጂ ልክ አይደለም። ገመዴ ርሶ ነበር፤ አውቄ ነው የደበቅሁት።» ወደ ቄሰ ገበዙ ዞሮ አጎነበሰ። «ይፍቱኝ፣ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይፍታ» አሉ። የሳቀ ሰው አልነበረም።

ከተሜው ግንበኛ ደብተሬን ተቀብሎ ገጹን ብዙ ጊዜ አየው። «እኔ እንኳ በአፌ እንደመጣልኝ ነው የተናገርኩት» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በዓይን የሚታይ ነገር አልነበረውም።» ከዚያ ወደ አባቴ ሄደ። «አያ፣ እርስዎ ይምሩኝ። ድንጋዩን እኔ አነሣለሁ።» ጉባኤውም በዚያው ተስማማ።

ጣራውን በባላ ደግፈው አሥሩን ክንድ አፈረሱ። ካልኩሌተሩ ሠንጠረዥ ያወጣል፤ ክቡ ከሲባጎው በየክንዱ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት አንድ በአንድ ጻፍኩ። እኔ ቁጥሩን አነባለሁ፤ አባቴ ይደግመዋል፤ ሜትሮውን ይዘረጋል፤ ከተሜው ድንጋዩን ያስቀምጣል። ዕድሜውን ሙሉ ከመሐል በተሳበ ገመድ የሠራ ሰው፣ ውጭ በተወጠረ ቀጥ ያለ ሲባጎና በልጁ ቁጥር ክብ ሲያወጣ አንድም ጊዜ አልተከራከረኝም። ደመና በመጣ ቁጥር ግን ቀና ብሎ ያያል።

አዲሱ ግንብ ከአሮጌው የሚገጥምበት ቀን ደረሰ። አባቴ ተንበርክኮ መዳፉን በሁለቱ መካከል ባለው መጋጠሚያ ላይ አሳለፈ።

«ስንት ቀረው?»

ለካሁት። ልስን የሚሸፍነው ነገር ነው፤ ምንም ብነግረው ያምነኝ ነበር።

«ግማሽ ጣት» አልኩት።

«ጻፈው» አለኝ። እስክጽፈው ድረስ ከተንበረከከበት አልተነሣም።