ከበሩ በስተግራ ያለው ግድግዳ

ሰማዩ ሲያጉረመርም እትዬ ቁልፍ ቀና ብለው አያዩም፤ ባልዲ ፍለጋ ይነሣሉ። የቤተ ክርስቲያናችን ጣራ ዝጎ ወንፊት ሆኗል። የከሰል ማዕድኑ ከተዘጋ ወዲህ ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ነቅሎ ሄደ፤ የቀረነው አግዳሚ ወንበሮቹን እንኳ መሙላት አቅቶናል። የበሩ ቁልፍ ግን ዛሬም ከእሳቸው አንገት አልወረደም። እናት አባት ያወጣላቸውን ስም ያስረሳውም እሱ ነው።

በወጣትነታቸው የጽዳቱን ሥራ ሲረከቡ ጠላታቸው አንድ ነበር፤ ከበሩ በስተግራ ያለው ግድግዳ። ወለሉ ጣውላ ስለሆነ ከጉድጓድ የወጣ ሠራተኛ ቦት ጫማውን ሳያወልቅ አይገባም። በአንድ እግር ቆሞ ቦት መጎተት ደግሞ ድጋፍ ይፈልጋል፤ እዚያው ግድግዳ ላይ እጁን ያሳርፋል። ያውም ከሰልና ግራሶ የጠጣ እጅ! ግድግዳው ከዓመት ዓመት ጠቆረ። እትዬ ቁልፍ በሳሙና ታገሉት፣ በአመድ ፈተጉት፤ ወይ ፍንክች!

«ጸሎታችሁ ወደ ላይ፣ እድፋችሁ ወደ እኔ!» እያሉ ይቆጡ ነበር።

አንድ ቀን ጉድጓዱ ተደረመሰና ባላቸው እዚያው ቀሩ። ረጅም ሰው ስለነበሩ የእጃቸው አሻራ ከሁሉም በላይ ነው። ሌባ ጣታቸውን ፉርጎ ከግማሹ ስለቆረጠው ከሌላው እጅ ጋር አይምታታም። ከዚያ ወዲያ እትዬ ቁልፍ ግድግዳውን በሳሙና አልነኩትም። ጣራው ሲበሳም ውሃው በዚያ እንዳይወርድ ከላይ ላስቲክ ወጠሩ። ምክንያቱን ግን ለማንም አልተናገሩም፤ አፋቸው እርግማኑን አልተወም።

ዘንድሮ የቅርስ ባለሙያ እንደምትመጣ ሰማን። ቤተ ክርስቲያኑ ከተመዘገበ ጣራው ይጠገናል፤ ካልተመዘገበ ይዘጋል። በዚህ መሐል እትዬ ቁልፍ የጉልበት ሕመም ጸንቶባቸው አልጋ ያዙ። የባላቸው ታናሽ ወንድም፣ ቱግ ባይነቱ «ድማሚት» ያሰኘው ጡረተኛ፣ ላግዛቸው ብሎ በጓሮ በር ገብቶ ኖራ በጠበጠ።

ባለሙያዋ በምትመጣበት ጠዋት እየተደገፉ መጥተው በሩን ከፈቱ። ግድግዳው እንደ ጥርስ ነጥቷል።

«እንግዳ ሲመጣ ፊት መታጠብ ነው እንጂ፣ እትዬ! ትናንት ስቀባ ዋልኩ» አለ ድማሚት።

እትዬ ቁልፍ አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። «አንተ ሰውዬ፣ ወንድምህን እኮ ነው የቀባኸው። ያቺ ጎዶሎ ጣቱ እዚያ ላይ ነበረች።»

«እኔን ያፍነኝ! ዕድሜ ልክዎን ሲረግሙት የኖሩት እርስዎ! በምን ልወቅ?»

እትዬ ቁልፍ ፊታቸውን ወደ ነጩ ግድግዳ አዞሩ። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይፈነዳ ቀረ።

ባለሙያዋና ዝናቡ አብረው ደረሱ። ገና ጃንጥላዋን ሳታጥፍ «ከዚህ የሄዱት ሠራተኞች የነገሩኝ፣ እጃቸው ያለበት ግድግዳ የቱ ነው?» ብላ ጠየቀች። ድማሚት ቆቡን እያሻሸ ጥፋቱን ነገራት።

«ነጭ ግድግዳማ የትም ሞልቷል» አለች በቀስታ። «እማማ፣ ይህን ምን ብዬ ልጻፍ?»

እትዬ ቁልፍ ወደ ጣራው አንጋጠጡ። ዝናቡ በርትቷል።

«ያንን ላስቲክ አውርደው።»

«ውሃው ጠራርጎ ቢወስደውስ?»

«የእኔን ሳሙና ያሸነፈ ውሃ አይፈራም። ደክሞኛል፣ አታከራክረኝ።»

ድማሚት ወንበር ላይ ወጥቶ ላስቲኩን ጎተተው። ውሃው ግድግዳውን ይዞ ወረደ። በቅጡ ያልደረቀው ኖራ እንደ ወተት እየቀጠነ ተንጠባጠበ። ለጥቂት ጊዜ ነጭ ብቻ ነበር። ከዚያ ከሁሉም በላይ፣ ውሃው ቀድሞ ከሚደርስበት ቦታ፣ አንድ ጥቁር መዳፍ ብቅ አለ። ሌባ ጣቱ ግማሽ ነው። እኔ በልቤ ተመስገን አልኩ። ሌሎቹም ከሥሩ አንድ በአንድ መጡ።

ባለሙያዋ ደጋግማ ፎቶ አነሳች። «የምወስነው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ያየሁትን ግን እጽፋለሁ» አለች።

ወለሉ ላይ ኩሬ ተጠራቅሞ የእትዬ ቁልፍ ጫማ ርሷል። ተነሡና፣ ሊያወልቁት አንድ እጃቸውን ከባላቸው አሻራ ዝቅ አድርገው ግድግዳው ላይ አሳረፉ።

«እትዬ፣ እድፍ!» አለ ድማሚት።

«ዝም በል። ይልቅ ባልዲ አምጣ።»