መርፌ አይወድም ያልኩት ትኩሳት

የልጆቼ አባት ይህን ሳይሰማ ነው አፈር የገባው። ሸህ ዘንድ ቀርቤ አልተናገርኩትም፣ ለእህቴም አላወራሁም፤ ሰግጄ ዱዓ ሳደርግ እንኳ ስሙን ሳልጠራ “ያን ነገር” እያልኩ ነው አላህን የለመንኩት። እስከ ሰሞኑ ድረስ ከአፌ አልወጣም። አላህ የሸፈነውን አትግለጪ ይባላል፤ እኔም በዚህች ቃል ተከልዬ አርጅቻለሁ። አሁን ግን ፍርሃቴ ከእፍረቴ በለጠ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ዳማከሴን አልወቅስም። ይህን አንብቦ “አየሽ፣ ቅጠላ ቅጠል መጨረሻው ይኸው ነው” ሊል የተዘጋጀ ካለ እዚሁ ላይ ያቁም። እኔ ኩታበር ነው ያደግሁት። እዚያ ዳማከሴ ማንም ሳይተክለው ካጥር ሥር፣ ከገደል አፋፍ ይበቅላል። ምች የመታው ሰው ሲመጣ እናቴ እፍኝ ቀጥፋ በመዳፏ ታሸዋለች፤ ጭማቂውን ግንባሩንና አፍንጫውን፣ የእጅ የእግሩን መጋጠሚያ ትቀባዋለች፤ ጥቂት ጠብታ በቡና አድርጋ ታጠጣዋለች፤ ከዚያ ጋቢ ደራርባ ታስተኛዋለች። ላብ በላብ ሆኖ ሲነሳ ቀሎት ነው። ከእናንተ መካከል በልጅነቱ በዳማከሴ ያልታሸ ማን አለ? እኔ ዛሬም ጉንፋን ሲይዘኝ አሸዋለሁ፤ ነገም አሸዋለሁ። ቅጠሉ ማንንም አልዋሸም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ኩታበር ብርድ አገር ነው፤ በልጅነቴ ወባ የያዘው ሰው አላየሁም። ይህን ልብ በሉልኝ። ትኩሳት ከሆነ ወይ ጉንፋን ነው ወይ ምች ነው። በልቶ ፀሐይ ላይ ወጣ፣ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ዋለ፣ ምች መታው፤ አለቀ። ከቅጠሉ ጋር ደግሞ አንድ ቃል ተምሬአለሁ፦ ምች መርፌ አይወድም። ምች ያለበት ሰው መርፌ ከተወጋ አይተርፍም ነው የሚባለው። ያክስቴ ልጅ እንዲያ ሆኖ ነው የሞተው ሲሉ እየሰማሁ አድጌአለሁ። አግብቼ ኮምቦልቻ ስወርድ ይህን ቃል ከሙሽራ ልብሴ ጋር ይዤው ወረድኩ።

ሐያት የመጀመሪያ ልጄ ናት። ያኔ ትምህርት ቤት አልገባችም። አባቷ ሰይድ በጭነት መኪና ወደ ሚሌ ይመላለስ ነበር። ክረምቱ እንደወጣ ወንዝ ወርጄ ልብስ ሳጥብ እሷንም በሳሙና አጠብኳት፤ ፀሐይ ላይ ስትቦርቅ ዋለች። ማምሻውን ተንቀጠቀጠች፤ ቀጥሎ ነደደች። ምን ልበል? በሳሙና አጥቤ ፀሐይ ላይ ያዋልኳት ራሴ ነኝ። ምች ነው አልኩ። አሸኋት። አላባት። በማግስቱ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትሯሯጥ ዋለች። ወባም እንዲሁ አንቀጥቅጦ፣ አንድዶ፣ አልቦ ለቀቅ እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር። ላቡን ያመጣው ቅጠሌ መሰለኝ። ኮራሁ። ወላሂ ኮራሁ።

ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ እዚያው ቆላ ተወልደው ያረጁ ሴት ነበሩ። ልጅቷን አዩና “አንቺ ደገኛ፣ የኛ አገር ትንኝ ምችሽን አያውቅላትም። ሂጂና ደሟን አስመርምሪ” አሉኝ እየሳቁ።

“እትዬ፣ እኛም አገር ልጅ ይታመማል” አልኳቸው።

“ይታመማል እንጂ፤ በብርድ።”

ሳቃቸው ነው የቆጠቆጠኝ። ትኩሳቱ ተመለሰ፤ መልሼ አሸሁ። ሰይድ ከመንገድ ገብቶ ግንባሯን ዳሰሰና “ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጃት፤ እኔን መኪናው ይጠብቀኛል” ብሎኝ ወጣ። አልወሰድኳትም። ጤና ጣቢያው ሩቅ አልነበረም። አልወሰድኳትም። መርፌውን ፈርቼ ነው? አዎ፣ ፈርቼ ነው። እትዬ ዘሃራ ረታኋት እንዳይሉ ነው? እሱም አለበት። ሰይድ የተመለሰው ላቧ ወጥቶ ቀለል ባላት ዕለት ነበር።

“አሳየሻት?” አለኝ።

“አሳየኋት።”

“ምን አሉሽ?”

“ምች ነው አሉ። መርፌ አይወድም አሉ።”

ሐኪም እንዲህ እንደማይል የልጆቼ አባት ከየት ይወቅ? አመነኝ። እፎይ ብሎ ምሳውን በልቶ ወደ መንገዱ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትኩሳት ላብ አልነበረውም። ዓይኗ ተገለበጠ፣ ጥርሷ ገጠመ። እትዬ ዘሃራ ከእጄ ነጥቀው አዘሏት፤ ደሴ ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሐኪሙ “መቼ ጀመራት?” አለኝ። “ትናንት” አልኩት። እትዬ ዘሃራ ቀና ብለው አዩኝ። መርፌ ወጓት፣ ጉሉኮስ ሰቀሉላት፤ ልጄ ነቃች። ስጠራት ግን ፊቷን አታዞርም። ጆሮዋ አጠገብ ካልጮኹባት አትሰማም። ሐኪሙ አስቀምጦ ነገረኝ፤ ወባው አናቷ ላይ ወጥቶ ነው፣ ቶሎ መጥታ ቢሆን ኖሮ አለኝ። ሰምቼዋለሁ። ገብቶኛል።

ሰይድ ደንግጦ ደሴ ሲደርስ “ምን አደረጓት?” አለኝ። እኔ ታዲያ ምን አልኩ? “መርፌው ነው” አልኩ። “ምች ላይ ወጓት።”

ኃጢአቴ ይኸ ነው። ቅጠል ማሸቴ አይደለም። ላላወቅሁት አላህ መሐሪ ነው። ይህን ግን እያወቅሁ ነው ያልኩት፤ ሐኪሙ የነገረኝ ጆሮዬ ውስጥ እያለ “መርፌው ነው” አልኩ። ቃሉ ሰፈሩን ዞረ። “የሰይድን ልጅ አታዩም?” እያሉ ልጃቸውን ከክትባት ያስቀሩ እናቶች አውቃለሁ፤ ፊት ለፊቴ ሲያወሩት ቁጭ ብዬ አንገቴን ነቅንቄአለሁ። ምነው ምላሴ ያኔ በተቆለፈ። እትዬ ዘሃራ እስኪሞቱ ድረስ አላጋለጡኝም። ግን ከዚያ ወዲያ “ደገኛ” ብለው አንድ ቀን ቀልደውብኝ አያውቁም።

ሐያት አደገች፣ ተዳረች፣ አንዋርን ወለደች። እዚሁ አንድ ግቢ ነው የምንኖረው። ሰሞኑን ሕፃኑ አንቀጠቀጠው። ክፍሏ ስገባ ዳማከሴ መዳፏ ውስጥ አለ፤ ግንባሩን እያሸች ነው። እጇን አየሁት፤ የራሴ እጅ ነው፤ የእናቴ እጅ ነው። አፌን እያየች እንድትረዳኝ ቀስ አድርጌ “ጤና ጣቢያ እንውሰደው” አልኳት።

“ወግተው እንደኔ ሊያደርጉት?” አለች። “እማ፣ ምች መርፌ አይወድም ያልሽኝ አንቺ ነሽ።”

ጆሮው ለደከመ ሰው ሚስጥር በሹክሹክታ አይነገርም። ደጅ ላይ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ በሩ ክፍት ነው። ልዝጋው? ብዘጋውስ ጩኸቴ አይሰማም? ያ ረቢ ብዬ ጮህኩ። “መርፌ አይደለም። እኔ ነኝ። ወባ ነበረብሽ፤ ሐኪም ቤት ሳልወስድሽ አባትሽን ወሰድኳት ብዬ ዋሸሁት።” ደጅ የልብስ ማጠቡ ድምፅ ጸጥ አለ።

ሐያት አፌን ትክ ብላ አየችው። “አልሰማሁሽም” አለች። “ድገሚው።”

በእውነት ሳትሰማኝ ቀርታ ይሁን ወይ ስደግመው ልታይ ፈልጋ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ደገምኩት። ከፊተኛው አስበልጬ ጮህኩ፤ የሰይድን ስም ጠርቼ፣ “ትናንት” ብዬ ሐኪሙን የዋሸሁትንም ጨምሬ።

መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች። ልጁን አዝላ ወጣች። ልከተላት ስል ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ አቆመችኝ። የግቢው ሴቶች እንደነገሩኝ ጤና ጣቢያ ደሙን ሲያዩት ወባ ሆኖ ተገኘ፤ ወጉት፣ መድኃኒት ሰጡት። ጡት ይጠባል አልሃምዱሊላህ። እኔ ግን ሲያስነጥስ በሰማሁ ቁጥር እደነግጣለሁ፤ አሁንም ይህን ስጽፍ ጆሮዬ እነሱ ክፍል ነው።

ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። የግቢው ሴቶች “አብሽሪ፣ ልጅሽ አይደለች፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ በያት” ይሉኛል። አልላትም። ልጇ አተኩሶት “መርፌ አይወድም” የምትል እናት ባገኝ ያለ እፍረት ደጇ ቆሜ እጮሃለሁ፤ የሠራሁትን እነግራታለሁ፤ ልትሰድበኝም ትችላለች። ከሐያት ግን ምንም አልለምንም። ጆሮዋን የወሰድኩባት አንሶ ምሕረቷንም አምጪ ልበላት?