በጎጆዎቹ መሃል የተገኘ ዱካ

ኤሊሴዮ ያውሪ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዲት የወፍ ደሴት ጠበቀ። ብቻውን። እኔ ዓሣ አጥማጅ ነኝ፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ደግሞ ከቺምቦቴ ወደብ ውሃ፣ ሩዝና ድንች በጀልባ አደርስለት ነበር። ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ እሱ ስለሆነ አበልጅ ነን።

ደሴቷን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት የወፎቹን ኩስ ለማዳበሪያ ይሸጣል። ወፍ ከደነገጠ ጎጆውን ጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ ኤሊሴዮ አይሮጥም፣ አይጮህም፣ ጎጆዎቹ ወዳሉበት ሜዳ ድርሽ አይልም። የሚስቱን ሞት ያረዳሁት እኔ ነኝ፤ ከተቀበረች በሁለተኛው ሳምንት። ያኔም ያለቀሰው ድምፁን ውጦ ነው።

በየማለዳው ባልዲ ባሕር ውስጥ ይነክርና የውሃውን ሙቀት ይለካል፤ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ከደቡብ የሚነፍሰው ነፋስ የላዩን ውሃ ከዳርቻው ሲገፋው ከሥር ቀዝቃዛው ይወጣል። አንቾቬታ የምንለው ትንሹ ዓሣ በዚያ ቅዝቃዜ ይኖራል፤ ወፎቹ በዓሣው ይኖራሉ። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም። እኔ አራተኛ ክፍልን አልጨረስኩም።

ባለፈው የካቲት ነፋሱ እንዲያውም ከወትሮው በርትቶ ነፈሰ። ውሃው ግን ሞቀ፤ አሥራ ሰባት ዲግሪ የነበረው ሃያ አራት ገባ። ሙቀቱ ወደ ታች ጠልቆ ስለነበር ነፋሱ ቢገፋ ቢገፋ ከሥር የሚወጣው ያው ሙቅ ውሃ ሆነ። መረቤ ሦስት ሳምንት ባዶውን ተመለሰ። አንድ ማለዳ ወፎቹ ጫጩቶቻቸውን ጥለው ወደ ደቡብ ሄዱ።

ኤሊሴዮ አራት ቀን የጫጩቶቹን ጩኸት ሰማ። በአምስተኛው ቀን ደንቡን ጥሶ ገባ፤ ለራሱ በጨው ካስቀመጠው ዓሣ እየቆረሰ ሊያጎርሳቸው። አንዱም አልዋጠለትም። ሁሉም ዝም እስኪሉ አብሯቸው ተቀመጠ።

መሥሪያ ቤቱ ለምርመራ የላከውን ኢንጂነር ያመጣሁትም እኔ ነኝ።

«ዶን ኤሊሴዮ፣ ይሄ የማን ዱካ ነው?»

«የኔ ነው፣ ኢንጂነር። ወፎቹ ከሄዱ በኋላ ነው የገባሁት።»

«በኋላ መሆኑን ማን አየ?»

«ማን ያያል? እዚህ ከኔ ሌላ ማን አለ?»

«የነፋስ መለኪያችን ጥሩ ነፋስ ነበር ይላል። ነፋስ ካለ ቀዝቃዛ ውሃ አለ፣ ዓሣ አለ። ታዲያ ወፎቹ ሽርሽር አማራቸው?»

«ነፋሱስ ነበር። ውሃው ነው እምቢ ያለው። ደብተሬን ይመልከቱ።»

«ደብተሩን የጻፉት እርስዎ፣ ሜዳው ውስጥ የገቡትም እርስዎ።» ወረቀት አወጣ። «ጠባቂው ስላስደነገጣቸው ሄዱ ነው የሚለው። ከፈረሙ ወደቡ ላይ መጋዘን ይጠብቃሉ፣ ጡረታዎም አይነካም። ካልፈረሙ ዛሬውኑ ዕቃዎን ይሸክፉ።»

«ከፈረምኩ እኮ ባሕሩን የሚመረምረው አይኖርም።»

«ባሕሩን ለእኛ ይተዉልን።»

በዚህ ነገር የባሕር ሊቃውንቱ ራሳቸው ገና አልተስማሙም። ምድር ስትግል ነፋሱ ይበረታል የሚሉ አሉ፤ ይደክማል የሚሉ አሉ፤ ቢበረታም የሞቀውን ውሃ አያሸንፍም የሚሉም አሉ። ይከራከሩ፣ አልፈርድባቸውም። ቁጥሩን በየማለዳው ከባሕር የሚቀዳላቸው ሰው ግን ውሸታም ተብሎ ሲባረር፣ በምኑ ነው የሚከራከሩት?

ኤሊሴዮ ወረቀቱን አንብቦ ጨረሰና ወደ እኔ ዞረ። ወፎቹ ከመሄዳቸው በፊት ያንን ባዶ መረብ የጎተትኩት፣ ውሃው ለብ ማለቱን በእጄ የነካሁት እኔ ነኝ። አንድ ቃል ትበቃው ነበር። ጀልባዬን የሚከራየኝ ግን ያው መሥሪያ ቤት ነው። አጎንብሼ ገመድ ጠቀለልኩ።

«አልፈርምም» አለ።

ዕቃው ሁለት ከረጢት አልሞላም። ኢንጂነሩ ከፊት ተቀምጦ ስልኩን ይጎረጉራል፤ ኤሊሴዮ ከኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ፣ ከጎኔ። መንገዳችንን ስናጋምስ ወደ ጆሮው ጠጋ አልኩ።

«አበልጄ፣ ክሰሳቸው። እውነቱ አንተ ጋ ነው።»

«አንተም ጋ ነበር» አለኝ።

ወደቡ ላይ ከረጢቶቹን ልሸከምለት እጄን ስዘረጋ ራሱ አነሳቸው። ወደ ተራራው፣ ወደ ትውልድ መንደሩ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈረ፤ እዚያ የሚጠብቀው ሰው የለም። እኔ ይኸው ዛሬ ያየሁትን ለመጣ ለሄደው ሁሉ እናገራለሁ። አሁን የሚጠይቀኝ የለም።