ትራስ ማጠብ

በአሥራ አምስት ዓመቴ መቱ ላይ ሴት ልጅ ወለድኩ። ባሌ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ እናቴ ጎጃም ቀርታለች። ልጅቷ ደግሞ እንቅልፍ የሚባል ነገር አታውቅም።

የሹማምንት ሚስቶች ማኅበር እንደኔ ላሉ ልጅ እናቶች ሐሙስ ሐሙስ ጧት የሕፃን አያያዝ ያስተምር ነበር። ሕፃን ይዞ መግባት ግን ክልክል ነው፤ ያለቅሳላ! ስለዚህ ልጄን ከዳሪሙ ለመጣችው ጎረቤቴ ሰጥቼ እሄዳለሁ።

አንድ ሐሙስ ተራው ደረሰኝ። ውኃ በሌለው ሳፋ ውስጥ በነጠላ የተጠቀለለ ትራስ አስቀምጠው፣ "እስቲ አንቺ እጠቢው" አሉኝ። አንገቱን ደገፍኩ፤ ጀርባውን አሸሁ። ትራሱ ለስላሳ ነበር። ከዚያ ወዲያ የማውቀው የለም። ሳቃቸው ሲቀሰቅሰኝ ሳፋው ላይ ተደፍቻለሁ።

"ልጅሽን ተጭነሽ ገደልሽው እኮ!" አሉኝ አስተማሪዋ። እነዚያ ሁሉ እትዬዎች ሳቁ እንጂ፣ አንዳቸውም ስንት ቀን ሳልተኛ እንደከረምኩ አልጠየቁኝም።

እየተብከነከንኩ ቤቴ ገባሁ። ጎረቤቴ ልጄን አዝላ ቡና ትለቅማለች። ፊቴን አየችና "ራፊ" አለችኝ፤ በኦሮምኛ ተኚ ማለቷ ነው። ቁርበት አንጥፋ ጋቢዋን ደረበችልኝ።

ባሌ ከቢሮ መጥቶ "ምሳ የለም እንዴ?" ሲል በእንቅልፍ ልቤ ሰማሁት።

"ቀስ ይበሉ ጌታዬ" አለችው ጎረቤቴ። "ሁለቱም ልጆች ተኝተዋል።"