ካርዱን ያላየው ኮምፒውተር

ልጄ የቤት ሥራዋን እየሠራች የተሳሳተችውን መስመር በላጲስ ስትፈትግ ያ የላስቲክ ሽታ አፍንጫዬ ሥር ደረሰና የምልጠውን ድንች ሳልጨርስ ተውኩት። ለሌላ ሰው የላጲስ ሽታ የአንደኛ ክፍል ሽታ ይሆናል። ለእኔ ግን የመርሳ ከተማ ሽታ ነው፤ የአባዬ ቪዲዮ ቤት፣ ጠረጴዛው ላይ ሆዱ ተከፍቶ የተጋደመ ኮምፒውተር፣ ከአጠገቡ ደግሞ እጃቸውን አጣምረው በርጩማ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት።

አባዬ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነበር። ከውርጌሳ እስከ ሲሪንቃ ሙሽራ ያጀበ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከሚዜዎቹ ቀድሞ የሚደርስ፣ ከሚዜዎቹም አብልጦ የሚበላ ሰው ነበር። ጦርነቱ ወደ እኛ ሲቃረብ ሰው እህሉንና ከብቱን ሲያሸሽ እሱ የተጨነቀው ለኮምፒውተሩ ነው፤ ገና ያላቀናበራቸው ሰርጎች በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበሩና። ከነስክሪኑ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ የእናቴ ጤፍ ጎታ ውስጥ ከተተውና ከላይ ጤፍ ሞላበት። ብልጠቱ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ታጣቂዎቹ ቢያገኙት እንኳ እንዳይሠራላቸው ብሎ፣ ምስል ወደ ስክሪኑ የሚያወጣውን ግራፊክስ ካርድ ነቅሎ ለብቻው ጓሮ ቀበረው። እኛ ገጠር ዘመዶቻችን ዘንድ ሸሽተን ሳለ ክረምቱ እንደ ጉድ ዘነበ። ስንመለስ ሱቃችን ባዶ ግድግዳ ሆኖ ጠበቀን፣ የጎታው ጤፍ ከላይ ከላይ ቢዘረፍም ኮምፒውተሩ ከሥሩ በሰላም ወጣ፣ ካርዱ ግን ዝጎ ተገኘ። እናቴ «እኔን ቢጠይቀኝ ኖሮ እሱንም ጤፍ አለብሰው ነበር» እያለች ስንት ጊዜ አበሸቀችው።

እትዬ ዘነቡ የመጡት ያኔ ነው። ልጃቸው ደሳለኝ የአይሱዙ ሹፌር ነበር፤ ከጦርነቱ በፊት በነበረው ጥር ሲያገባ አባዬ ቀርጾታል፣ ፊልሙ ሳይቀናበር ጦርነቱ መጣ፣ ደሳለኝም በዚያው ጦርነት ሞተ። ፎቶውስ ቤታቸው ተሰቅሏል፤ የፈለጉት ሌላ ነው። እኛ አገር የሙሽራ እናት ማለት የድግሱ አዛዥ ናት። ወጡ እንዳያንስ፣ ጠላው እንዳይጎድል ስትል ከጓዳ ሳትወጣ ይመሽና ዳሱ ውስጥ የሆነውን አንዱንም ሳታይ «በቪዲዮ አየዋለሁ» ብላ ራሷን ታጽናናለች። እትዬ ዘነቡም እንዲሁ አድርገው ነበር። «ልጄ ሲጨፍር አላየሁትም» አሉ አባዬን፤ ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ዲስኩን ነቅለን ሌላ ቦታ እንዳናየው በአካባቢያችን ከዘረፋ የተረፈ ኮምፒውተር አልነበረም። አባዬ አንድ ሹፌር ለምኖ ከአዲስ አበባ አዲስ ካርድ አስመጣ። እትዬ ዘነቡ ሰምተው ከሲሪንቃ መጡ፤ ከዚያ በፊትም ሁለቴ መጥተው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። መብራት ስላልነበረ የጎረቤት ጄኔሬተር አስነስተን ካርዱን ሰካነው፣ ቁልፉን ተጫንነው። ስክሪኑ ጨለማ እንደሆነ ቀረ። ኮምፒውተሩ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር ጩኸት አሰማ፤ በሱ ቋንቋ ካርድ የለኝም ማለቱ ነው።

አባዬ ደጋግሞ ከሞከረ በኋላ ላቡን ጠረገና «ሞቶ ነው የመጣው፤ ነገ ለሹፌሩ እመልስለታለሁ። ተይው በቃ» አለኝ። እኔ ግን አልተውም አልኩ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ትምህርት ቤታችን ወንበር እንኳ አልቀረለትም፣ ያ ሁሉ ንዴት የሚያርፍበት ቦታ አጥቶ ነበርና ያን ዕለት እዚያ ኮምፒውተር ላይ አረፈ። ቆሻሻ ይዟቸው እንደሆነ ብዬ ከደብተር ቦርሳዬ ላጲስ አውጥቼ የካርዱን መሰኪያ ወርቃማ ጥርሶች እስኪያብረቀርቁ ፈተግኩ። የስክሪኑን ገመድ ቀየርኩ። ሚሞሪውን ነቅዬ መለስኩ፣ ትንሿን ክብ ባትሪ አውጥቼ ጥቂት ጠብቄ መልሼ ከተትኩ። ቁልፉን በተጫንኩ ቁጥር ያው ጩኸት ነው። ጄኔሬተሩ ነዳጁን እየጨረሰ መንተባተብ ጀመረ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን እያለ ነው እንዲህ የሚጮኸው?» አሉ እትዬ ዘነቡ።

«ካርዱን አላየሁትም እያለ ነው፣ እትዬ።»

«ታዲያ ደህና አድርገሽ አሳዪው እንጂ!»

አባዬ ሳቁን ዋጠ። እኔ ግን ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ካርዱን በዓይኔ ትክክል ዝቅ ብዬ አየሁት። በአንድ ወገን ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ለካ እስከ ታች አልገባም። ነቅዬ የስልኬን መብራት ወደሚሰካበት ቀዳዳ ባበራ ጤፍ! አባዬ አሮጌውን ካርድ ሲነቅል ቀዳዳው ክፍቱን ቀርቶ፣ ከረጢቱንም አይጥ ቀዶት፣ ጤፉ እየሾለከ ገብቶ ሥሩ ላይ ተጠቅጥቋል። እትዬ ዘነቡ ከቀሚሳቸው ላይ መርፌ ቁልፍ ነቅለው ሰጡኝና አንድ በአንድ ለቀምኩት፤ አባዬ አጠገቤ ቆሞ በአፉ እፍ እያለ «ይህን ለእናትሽ እንዳትነግሪ» ይለኛል። ካርዱን መልሼ ስጫነው ቀጭ ብሎ ገባ። አንዲት አጭር ድምፅ ብቻ ተሰማች፣ ስክሪኑም በራ።

ያልተቀናበረውን ቪዲዮ እንዳለ ከፈትነው። ደሳለኝ ነጭ ሱፉ በላብ ረጥቦ ዳሱ መሃል ትከሻውን ይሰብቃል፤ ሚዜዎቹ ከበውታል። ድንገት ጭፈራውን አቋርጦ ወደ ካሜራው ዞረና እየሳቀ «እማዬስ? እማዬን ጥሩልኝ እስቲ!» አለ። ከካሜራው ጀርባ የአባዬ ድምፅ «ሥራ ላይ ናቸው፣ ይመጣሉ፤ አንተ ጨፍር» ብሎ መለሰለት። ደሳለኝ ወደ ጓዳው በኩል አንዴ አየና ተመልሶ መጨፈር ጀመረ። ሱቁ ውስጥ አባዬ አንገቱን ደፋ። እትዬ ዘነቡ ከበርጩማው ተነሡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ወደ ስክሪኑ ቀረብ ብለው «መጣሁ፣ ዓለሜ። ይኸው መጣሁ» አሉ።

ጄኔሬተሩ እስኪጠፋ ድረስ ቆመው አዩት።

ከዚያ በኋላ አባዬ የትም ሰርግ ቢጠራ ካሜራውን ከመክፈቱ በፊት ጓዳ ገብቶ የሙሽራውን እናት ጭልፋዋን አስጥሎ ወደ ዳስ ያወጣ ነበር፤ ሴቶቹ ይቆጡታል፣ እሱ አይሰማቸውም። ጦርነቱ ከቤታችን የወሰደውን አብዛኛውን ቀስ በቀስ ተክተነዋል፤ ካሜራውን፣ የሱቁን በር፣ ጤፉን ሳይቀር። ደሳለኝ ግን በሰርጉ ቀን እናቱን የጠራው አንዴ ነው፤ እሳቸው ሲደርሱለት እሱ አልነበረም።