ለአክስቴ ልጅ የላክሁት አድራሻ

አድራሻውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ «እኔ እንጃ» ስል ከረምኩ።

ጓደኛዬ እዚህ ፈረንጅ አገር ሊንደሩድ የሚባል ሰፈር ነው የምትኖረው፤ ሁለተኛ ደረጃን አብረን ጨርሰናል። አማርኛ የሚያወሩ ልጆች የሚጫወቱበት የኦንላይን ጌም ሰርቨር ከፍታ ነበር። እኔ ቀን ባርነሃገ በሚሉት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የሰው ልጅ አፍንጫ ስጠርግ እውላለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ሰርቨሩ ላይ የሚሳደበውን አባርራለሁ። ሁለተኛው ይሻለኝ ነበር።

እንዲህ ያለ ሰርቨር ጠላት አያጣም። አንዱ ይሸነፍና ይናደዳል፤ ከብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች የውሸት ጥያቄ ያዘንብበታል። ሰርቨሩ መልስ መስጠት ያቅተውና ሁላችንም ከጨዋታው እንወድቃለን። ስለዚህ ጓደኛዬ ከፊት ዘበኛ አቆመች። ወደ ሰርቨሩ የሚገባው ሁሉ በአንድ ጠባቂ ድርጅት በኩል ተጣርቶ ያልፋል፤ የሰርቨሩን እውነተኛ አድራሻ የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነበርን።

ዘበኛው ግን የአክስቴን ልጅ አላስገባ አለ። አዲስ አበባ ጌም ቤት አለው፤ አሥራ ሁለት ልጆች በአንድ የኢንተርኔት መስመር ሲመጡ ዘበኛው ጥቃት መሰለው። ዘበኛውም ወዶ አይደለም። ጌም በሴኮንድ ውስጥ ስንት ትንንሽ መልእክት ነው የሚልከው! እያንዳንዱን አስቁሞ «ማነህ?» ካለ ጨዋታው ይንቀራፈፋል፤ ዝም ካለ ቆሻሻው ይገባል።

«እዛ ሆነሽ እኛን በር ላይ ታስቆሚናለሽ?» አለኝ የአክስቴ ልጅ በስልክ። «ፈረንጅ ሆንሽብን አይደል!»

«ዘበኛው ነው ባክህ፣ እኔ ምን ላድርግ?»

«እና ዘበኛው ይበልጥሻል?»

እልህ ያዘኝ። «ለማንም እንዳትሰጥ» ብዬ አድራሻውን ላክሁለት። እሱ ለደንበኞቹ ሰጠ። በአራተኛው ቀን ሰርቨሩ ወደቀ። ዘበኛው ምንም አልሆነም፤ ጥቃቱ እሱን አልፎ በቀጥታ ነው የመጣው።

«ለሰው ሰጥተሻል እንዴ?» አለችኝ ጓደኛዬ።

«እኔ እንጃ። አልሰጠሁም።»

ማን እንደገባ የሚያሳየውን የሰርቨሩን መዝገብ ስታይ ያለ ዘበኛ የገቡት ከአዲስ አበባ ሆኑባት። «ሰርቀውናል» አለችና መላ ኢትዮጵያን ዘጋች። «አድራሻችንን የሰረቁ ሌቦች» የሚለውን ማስታወቂያ የለጠፍኩት እኔው ነኝ። የአክስቴ ልጅ «ምን አጠፋን?» ብሎ ጻፈልኝ። አይቼ ስልኩን ኪሴ ከተትኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ሊንደሩድ የገበያ ማዕከሉ ውስጥ ቁጭ ብለን ነገርኳት። «የሰረቀ የለም። ዘበኛው ጌም ቤቱን አላስገባ ሲል ለአክስቴ ልጅ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ላፕቶፗን ወደ እኔ አዞረች፤ የዚያ ቀን መዝገብ ነው፣ ቁጥር በቁጥር ላይ።

«የአክስትሽን ልጅ ደንበኞች ከአጥቂዎቹ ለይተሽ አሳይኝ።»

ባይ ባይ አንዱም ከሌላው አይለይም።

«እኔም አልቻልኩም» አለች። «ለዚህ ነው ሁሉንም የዘጋሁት። ግን መጀመሪያውኑ ለምን አልጠየቅሽኝም? የጌም ቤቱን መስመር ለዘበኛው ማስመዝገብ እኮ አምስት ደቂቃ ነው።»

አምስት ደቂቃ። መጠየቅ መለመን መስሎኝ ነበር።

የሰርቨሩን አድራሻ ቀየረችው፤ አዲሱን አልነገረችኝም። ማስታወቂያውን አንስቼ የራሴን ጥፋት ለጠፍኩ።

«የመስመሩን ቁጥር ከአክስትሽ ልጅ አምጪና አስገባቸዋለሁ» አለች። «ሌባ ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ ያስባልሻቸው ግን አንቺ ነሽ። ራስሽ ደውዪ።»

ወደምኖርበት ወደ ቫይትቬት ስመለስ ባቡር ውስጥ ደወልኩለት። ቤት ገብቼም ደወልኩ፤ አያነሳም። ድሮ ገና አንዴ ሳይጠራ ነበር የሚያነሳው።