ሁለት ወንበር ብቻ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጥቃቅኑን ሁሉ ዘርዝሬያለሁ፤ ጾም መግደፌን፣ ተማሪ መደብደቤን፣ ሰው ማማቴን። ይህኛው ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባ» እላቸዋለሁ። እግዚአብሔር ይፍታህ ይሉኛል፤ እኔም ያልተፈታውን ይዤ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ይህን የምታነበው አንተ አታውቀኝም። እንደ እሳቸውም የመፍታት ሥልጣን የለህም። የመረጥኩህ ለዚሁ ነው፤ እንድትሰማኝ ብቻ።

አስቀድሜ ልንገርህ፣ ቁጡ ሰው ነኝ። እጄ ከአፌ ይቀድማል። ክፍል ውስጥ ዳስተር የወረወርኩበት፣ ጠጅ ቤት ብርሌ ያነሳሁበት ቀን ብዙ ነው። ይህን የምነግርህ ቁጣዬን ሰበብ ላደርግ አይደለም። እንዲያውም የዚያን ዕለት አልተቆጣሁም ነበር። አስቤ፣ ቃል መርጬ፣ ልቤ እያወቀ ነው ያደረግኩት።

ያኔ ቦንጋ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። ክረምት ነው፤ ተማሪው ተበትኖ እኛ መምህራን ግን በስልጠናና በአንድ ለአምስት ስብሰባ የምንዳክርበት ጊዜ። የተከራየሁት ጋሽ ተክሌ ግቢ ውስጥ ነበር። ጋሽ ተክሌ ከሸዋ መጥተው ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። በዚያ ክረምት የእህታቸው ልጅ ናኦድ ከአዲስ አበባ ሊጠይቃቸው መጣ። የመጣው ከዱባይ ባስገባት ቀይ የስፖርት መኪና ነው፤ ሁለት በርና ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀራት። አስፋልቱ ከተሠራ ወዲህ ብዙ መኪና አይተናል፤ እንዲህ ያለ ግን አላየንም። የሰፈሩ ሰው ሰበብ እየፈለገ በግቢው በር ይመላለስ ጀመር።

ናኦድ ትሑት ልጅ ነበር። ክረምቱን በመኪናው እየዞረ አገሩን ሊያይ ነው የወጣው። አንድ ምሽት በረንዳ ላይ ተቀምጠን «መምህር፣ አንተ የጂኦግራፊ ሰው ነህ፣ የሚያምር መንገድ ምረጥልኝ» አለኝ። «ደንም ጠመዝማዛም ይኑረው። ጉድጓድ ብቻ አይኑረው፣ ሆዷ ይመታል።»

ለጥያቄው ትክክለኛው መልስ አንድ ነበር፤ ወደ ጎጀብ ወንዝ የሚወርደው መንገድ። ደኑ ግራና ቀኝ ነው፣ ጠመዝማዛው እስኪበቃህ ነው፣ ሰውም አይበዛበትም። ሌላው በውሽውሽ ሻይ ተክል አልፎ፣ በሺሺንዳ በኩል ወደ ዋጫ የሚሄደው ነው። እሱም ያምራል፤ ያምራል ስለው አልዋሸሁትም። ግን ሺሺንዳ ላይ መንገዱ በገበያው አፍ ያልፋል፣ በገበያ ቀን ደግሞ አስፋልቱ ራሱ ገበያ ይሆናል። በደብተር ወረቀት ካርታ ሠራሁለት። ሻይ ተክሉን አስገባሁ፣ ድልድዮቹን አስገባሁ፣ ፎቶ የሚነሳበትን ኮረብታ በክብ ምልክት አደረግኩ። ገበያውን አላስገባሁም። «የትኛው ቀን ይሻላል?» ሲለኝ የገበያውን ቀን ነገርኩት። በዚያ ቀን ዝናብ አይበዛም አልኩት። በካፋ ክረምት ዝናብ ቀን መርጦ ይዘንባል ብሎ የሚያምን ሰው ይኖራል? እሱ አመነኝ።

ለምን ሺሺንዳ አትለኝም? ብትስቅ አልፈርድብህም። ቦንጋ ከመምጣቴ በፊት ሺሺንዳ አስተምር ነበር። የአንድ ቡና ነጋዴ ልጅ ወደድኩና ሽማግሌ ላክሁ። አባትየው ሽማግሌዎቹን አስቀምጦ «ለእግረኛ የምሰጠው ልጅ የለኝም» አላቸው። ወሬው በማግስቱ ገበያ ወጣ። ከዚያ ወዲያ መምህር መባሌ ቀረና «እግረኛው» ሆንኩ። ሽንኩርት ልገዛ ስሄድ እግረኛው መጣ፤ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም እግረኛው ቆሟል። ዝውውር ጠይቄ ወጣሁ። ልጅቷን ረሳኋት፤ ስሙን ግን አልረሳሁትም። እና በዚያች ቀይ መኪና፣ በገበያ ቀን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማለፍ ፈለግሁ። ይኸው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሰው የሞተው ለዚህ ነው።

በገበያው ቀን ጠዋት፣ እኔ መንገድ መሪ ሆኜ፣ አብረን ተነሳን። ውሽውሽን እንዳለፍን አንድ ውሻ ከሻዩ መሃል ወጥቶ ገባብን። ናኦድ አቁሞ ወረደ። ውሻው ወገቡ ተሰብሮ በፊት እግሮቹ እየተጎተተ ወደ ሻዩ ሊመለስ ይሞክራል። የናኦድ ፊት አመድ መሰለ፤ «ምን እናድርግለት?» ይለኛል። እኔ የማስበው ገበያው ሳይበተን መድረስን ነው። ድንጋይ አንስቼ ጭንቅላቱን ሁለት ጊዜ መታሁትና ጸጥ አለ። እጄን በቅጠል ጠርጌ «እንሂድ» አልኩ። ናኦድ ከዚያ በኋላ ረጋ ብሎ መንዳት ጀመረ። እያጣደፍኩ እንደገና ያስፈጠንኩት እኔ ነኝ።

ሺሺንዳ መግቢያ ላይ ካፊያ ጀመረ። ሰዉ ጭቃውን ሸሽቶ አስፋልቱ ላይ ወጥቷል። ናኦድ ፍሬን ያዘና «ገበያ አለ እንዴ?» አለኝ።

«ጥቂት ሰው ነው። ክላክስ አድርግና ነዳጅ ስጣት፤ ድምጿን ሲሰሙ ይከፍቱልሃል።»

«መምህር፣ ሰው በዝቷል።»

«የአገሩ ሰው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?»

ነዳጅ ሰጣት። መኪናዋ ጮኸች፣ ሰዉ ግራና ቀኝ ተሰነጠቀ። እኔ መስኮቴን አውርጄ ክርኔን አውጥቻለሁ፤ የሚያውቀኝ ፊት እየፈለግሁ ነው። አንዲት ሴትዮ አስፋልቱ ላይ ሲገቡ አላየሁም። ለምን አላየሁም? ሰው እንዲያየኝ እያየሁ ስለነበር ነው። ናኦድ ፍሬን ሲይዝ ጎማው በረጠበው አስፋልት ላይ ተንሸራተተ፣ የመኪናዋ አፍንጫ ዞረ፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ የፊት መስታወቱ ላይ ፈረጠ። ከቅቤው ቀጥሎ ሴትየዋ መጡ።

የእናቴ እኩያ ነበሩ። አስፋልቱ ላይ በጎናቸው ወድቀው ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። አልጮኹም፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር።

ባንድ አፍታ ተከበብን። ጣሪያው በመዳፍም በዱላም ይደበደባል፤ አንድ ድንጋይ የፊት መስታወቱን ዳር እስከ ዳር ሰነጠቀው። መስኮቴን ዘጋሁ። ናኦድ ሞተሩን ሳያጠፋ ወደ እኔ ዞረ። «ሴትየዋ ይግቡ» አለኝ። «አንተ ውረድና ባንተ ወንበር ይቀመጡ። ቦንጋ ሆስፒታል በግማሽ ሰዓት አደርሳቸዋለሁ። ይግቡ በላቸው።»

ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ማድረግ የሚገባውን ያወቀ እሱ ብቻ ነበር። ግን መኪናዋ ሁለት ወንበር ብቻ ነው ያላት። እሳቸው ከገቡ እኔ እወርዳለሁ። ወርጄ ከዚያ ሰው መሃል እቀራለሁ፣ ዱላ ከያዘው፣ እኔን ከሚያውቀኝ፣ ማን አመጣብን ብሎ ከሚጠይቀኝ ሰው መሃል፣ በእግሬ። ዱላውን ፈራሁ? አዎ፣ ፈራሁ። እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር ግን ያንን ስም ከዱላው እኩል ፈራሁት። ሴትየዋ ሆዳቸውን ይዘው መሬት ላይ ወድቀው እኔ ስለ ቅጽል ስሜ አሰብኩ።

ከፊት የቆመ ረጅም ሰው መስኮቴን አንኳኳ። የሴትየዋ ልጅ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። በጣት ስፋት ከፈትኩለት። በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ «ሰውየው ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ልብ በልልኝ፤ መጀመሪያ ጠየቀኝ። እናቱ መሬት ላይ ወድቀው፣ ዱላው እጁ ላይ ሆኖ፣ ከኋላው የሚገፋውን ሰው በክርኑ እየመለሰ መልሴን ጠበቀ። እኔም በጥሩ ካፊኖኖ፣ እናቴ ባሳደገችኝ ቋንቋ፣ «ልቀቁኝ ልሂድ ይላል። ለአንዲት አሮጊት ነው ወይ ይህ ሁሉ ጩኸት ይላል» አልኩት።

እንዲህ አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አልነገረኝም፣ ማንም ጉሮሮዬን አልያዘኝም።

ናኦድ «ምን አሉ?» አለኝ።

«እሺ ብለዋል። መጀመሪያ ውረድና ይቅርታ ጠይቃቸው።»

እሱን ሲይዙ እኔን ይረሱኛል ብዬ ነው። ናኦድ «እግዜር ይስጥህ» አለኝና በሩን ከፈተ።

እግሩ መሬት ሳይረግጥ ጎትተው አወጡት። የመጀመሪያው ዱላ ትከሻው ላይ አረፈ፤ ሁለተኛው ቀኝ ዓይኑ ላይ። ፊቱ በደም ተሸፈነ። እኔ በእኔ በኩል ባለው በር ወርጄ በሰው ተከልዬ ልወጣ ስል አንድ ሰው ክንዴን ያዘና «ይኼ እግረኛው አይደለም?» አለ። አብሬያቸው የቆምኩ ለመምሰል በካፊኖኖ እየጮህኩ ተመልሼ ወደ ናኦድ ሄድኩ። ዓይኑ አያይም፤ ድምፄን ግን ሳይሰማ አልቀረም። «መምህር ንገራቸው! ይግቡ በላቸው፣ ይግቡ!» እያለ ወደ እኔ ዞረ። ከጎኔ የቆመ አማርኛ የሚያውቅ አንድ ልብስ ሰፊ ጆሮውን አቀናና «ማን ይግባ ነው የሚለው?» አለ።

ያኔ ነው የመታሁት። አፉን መታሁት። ሌላ ቦታ አልመታሁትም፣ አፉን ብቻ፤ ያቺ ቃል እንዳትደገም። አንዴ መታሁት፣ ደገምኩት። ጥርሱ ጣቴን እስከ አጥንት ሰነጠቀው። አሁንም ሊናገር ሲሞክር በጫማዬ መታሁት። ዝም አለ። ልብስ ሰፊውም ጥያቄውን ትቶ ከሌሎቹ ጋር ጮኸ። ከዚያ በኋላ ሰዉ ተረባረበበት። የግራ እጁን አስፋልት ላይ አስደግፈው በድንጋይ ሲቀጠቅጡት ቆሜ አየሁ። መኪናዋን ገልብጠው ቦይ ውስጥ ጣሏት። ፖሊሶች መጥተው ወደ ሰማይ እስኪተኩሱ ድረስ አላቆመም።

ሴትየዋስ? ሁሉም ለመምታት ሲሽቀዳደም አጠገባቸው የቆመ ሰው አልነበረም። ልጃቸው እንኳ በቁጣ ታውሮ ረስቷቸው ነበር። ጥይቱ ሲጮህ ዞረን አየናቸው፤ እንዳሉ ናቸው፣ ዝናቡ ሲጠነክር ሻርፓቸውን ፊታቸው ላይ ከመሳባቸው በቀር። ቡና የጫነ አይሱዙ ላይ፣ ጆንያ ላይ አስተኝተው ወሰዷቸው። ውሽውሽ ሳይደርሱ ሞቱ። ደማቸው ወደ ውስጥ ነው የፈሰሰው አሉ። በናኦድ መኪና ቢሄዱ ይተርፉ ነበር? አላውቅም። እንዳይታወቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ስማቸው አስካለች መሆኑን የሰማሁት ፍርድ ቤት ነው። እኔ ምስክር ሆኜ ቀረብኩ። እጄን በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ አድርጌ «ቀስ በል ብዬው ነበር» አልኩ። ናኦድ በአንድ ዓይኑ አየኝ። ነዳጅ ስጣት ብሎኛል ሊል ይችል ነበር፤ አላለም። «የነዳሁት እኔ ነኝ» ብቻ አለ። ታሰረ። ናኦድን በመደብደብ ደግሞ የአስካለች ልጅ ታሰረ። እኔ የምስክር አበል ወረቀት ፈርሜ በአውቶቡስ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ናኦድ ከተፈታ ጀምሮ በየአዲስ ዓመቱ ይደውልልኛል። ቀኝ ዓይኑ ጠፍቷል፣ የግራ እጁ ጣቶች አይታጠፉም። «አንተ ባትለምንልኝ ኖሮ ጨርሰውኝ ነበር» ይለኛል። አፉን የመታውን አላየም፤ በካፊኖኖ ስጮህ የለመንኩለት መስሎታል። እናቱ ስልኩን ተቀብለው ይመርቁኛል። እኔም አሜን እላለሁ። በየዓመቱ እነግረዋለሁ እያልኩ በየዓመቱ አሜን እላለሁ።

ዘንድሮም ደወለ። እንኳን አደረሰህ ከተባባልን በኋላ «አንድ ነገር ላስቸግርህ» አለኝ። «ይግቡ በካፊኖኖ እንዴት ነው የሚባለው? ያን ቀን ያቺን አንድ ቃል ባውቅ ኖሮ እኔው ራሴ እላቸው ነበር። ሁልጊዜ ይቆጨኛል።»

ነገርኩት። አጭር ቃል ናት፤ ለመናገር ትንፋሽ አትፈጅም። ያን ቀን ሳልላት የቀረሁት ቃል ከአፌ ስትወጣ ይህ የመጀመሪያው ነበር። እሱ ደገማት፣ አበላሻት፣ እኔ አረምኩት። እንደ ተማሪ ተጠንቅቆ እንደገና ደገማት።

«አሁን ልክ ነው?» አለኝ።

«ልክ ነው» አልኩት።

ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅር ማለት የሚችሉት ሁለቱ ናቸው። እሳቸው ሞተዋል፤ እሱ ያመሰግነኛል።